ሲጠሩት አቤት የሚል ልጅ

ካርቱም ዳር ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የምንኖር ሐበሾች ሁላችንም ዐረብኛ እናውቃለን። ቲማቲም ስንገዛ እናውቃለን። ከረክሻ፣ ከባጃጅ፣ ነጂ ጋር ስንጣላ እናውቃለን። ጎረቤት ስናማ ደግሞ የአገሩ ሴቶች ራሳቸው አፋቸውን ይዘው እስኪሰሙን ድረስ እናውቃለን። ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን ነጭ ካፖርት የለበሰ ወይም ትከሻው ላይ ኮከብ የደረደረ ሰው ፊት ስንቆም በአንዴ ተኖ ይጠፋል። አሥራ አምስት ዓመት ካርቱም የኖረ ጎልማሳ መክተብ የሚሉት የመንግሥት ቢሮ ገብቶ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ጸሐፊ ቀና ሲልበት፣ ትናንት በመተማ የገባ ይመስል ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልገናል። አስተርጓሚያችን ስምንት ዓመቱ ነበር።

ስሙ ቃለአብ ነው። አባቱ ሰብስቤ ረክሻ ይነዳል፤ እናቱ ልደት አርካዊት የሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ከመሸ ትገባለች። ልጁ ገና በአራት ዓመቱ የሱቆችን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ማን እንዳስተማረው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ አስተማርኩ የሚሉ ግን ስድስት ሰዎች አሉ። ሰባት ሲሞላው የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ብጣሽ ወረቀት አንብቦ፣ «ጉበቱን ለታመመ አይሰጥም ይላል፤ የእርስዎ ጉበት እንዴት ነው?» ብሎ ሽማግሌ የሚጠይቅ ሰው ሆነ። ሽማግሌው ስለ ጉበቱ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንቅልፍ አጣ።

ጊዜው ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች ሁለት ሦስት ዓመት ያለፈበት፣ ኑሮ የተወደደበት፣ የወረቀት ቁጥጥር የጠበቀበት ነው። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሚያሳድስ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ከአከራዩ ጋር የተኳረፈ ሁሉ በሰብስቤ በር ብቅ እያለ «ቃለአብ!» ይላል። ልጁም «አቤት!» ብሎ ይወጣል፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ። ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ልጅ ማለት እንግዲህ እሱ ነው፤ እናቶች ስለት የሚሳሉበት። እናቶች የሚሳሉት ግን ያ ልጅ ከመጣ በኋላ ምን እንደሚደረግ ሳያስቡ ነው።

ይህን የመሰለ ልጅ ልታበላሽ የተነሳችው ማዘንጊያ ናት።

ማዘንጊያ የደንቢያ ሴት ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ሃምሳን አይቼዋለሁ» ትላለች፤ ከየትኛው ወገን ሆና እንዳየችው ግን አትናገርም። ካርቱም እንደገባች አርካዊት አንድ ትልቅ ቤት በወጥ ሠሪነት ተቀጠረች፤ ወጥ ቤቱን ግን እምብዛም አላየችውም። የቤቱ ልጆች ሦስት ነበሩ። አንድ ክፍል ሙሉ መጫወቻ ነበራቸው፤ አብሯቸው የሚጫወት ሰው ግን አልነበራቸውም፤ እናትም አባትም የተማሩ ስለሆኑ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ማዘንጊያ ፈረስ ሆነች። ሦስቱም ልጆች በየተራ እስኪያድጉ በፈረስነት አገለገለች፤ ጉልበቷ ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ዶክተርና መሐንዲስ ወደ መሆን ሲቃረቡ ፈረስ አላስፈለጋቸውም፣ ተሰናበተች። «ሌላው ከስደት ወርቅ ይዞ ይመለሳል፤ እኔ ደግሞ የጋማ ከብት ጉልበት» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ አንድ ሆሽ ተከራይታ ልጅ ትጠብቃለች። ሆሽ በጭቃ ግንብ የታጠረ ግቢ ነው፤ የእሷው ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ የኒም ዛፍና ውሃ በመጣ ቁጥር የሚሞሉ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሆኑ፣ ሁለት በርሜሎች አሉት። ሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች ጠዋት ልጆቻቸውን ያስረክቧታል፣ ማታ ይረከባሉ። ልጆቹ አቧራ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ተልጦ፣ ሆዳቸው ሞልቶ ይገኛሉ። «ከእኔ ዘንድ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ልጅ ካያችሁ ታሟል ማለት ነው» ብላ አስጠንቅቃለች።

ቃለአብ ግን ንጹሕ ሆኖ ይገባል፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከትምህርት ቤት መልስ ይመጣና ጀሪካን ላይ ይቀመጣል፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ ተራው እንደሚደርስ ታማሚ ይጠብቃል። ማዘንጊያ መጀመሪያ ልጁ ያፈረ መሰላት። ከካልሲ የሠራችውን ኳስ ወረወረችለት። ኳሱ እግሩ ሥር መጥቶ ቆመ።

«ምታዋ!» አለችው።

«ዓላማው ምንድን ነው?»

«መምታት ነዋ።»

«ከተመታ በኋላስ?»

«ይሄዳል። ከዚያ ይመጣል።»

ልጁ አሰበበት። «የሚመጣ ከሆነ ለምን ይሄዳል?» አላት።

ማዘንጊያ በሕይወቷ ብዙ ሰው አፉን አስይዛለች። እሷን አፏን ያስያዛት ሰው ሲመጣ ግን ቁመቱ ከበርሜሉ አይበልጥም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወጥ እያማሰለች ወደ ውጭ ብታይ፣ ልጆቹ በሙሉ ቃለአብ ፊት ተሰልፈዋል። «ተመስገን፣ ጨዋታ ጀመረ» አለች። ጠጋ ስትል ቃለአብ ከተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ኋላ ተቀምጧል። ሰልፉን የምትመራው ገሊላ ናት። ገሊላ የጎረቤት ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ፣ አፍንጫዋ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ፣ ድምፅዋ እስከ ዋናው አስፋልት የሚሰማ።

«ወረቀትሽ?» አላት ቃለአብ።

ገሊላ የኒም ቅጠል ሰጠችው። ልጁ ቅጠሉን በፊትም በኋላም አገላብጦ አየና መለሰላት።

«ቡክራ ተዓሊ።» ነገ ነይ ማለቱ ነው።

ገሊላ ዛፉን አንዴ ዞራ መጣች። «ነገ ሆኗል!»

«ኃላፊው የለም።»

ገሊላ እሪ ብላ አለቀሰች። ማዘንጊያ ማማሰያዋን እንደያዘች፣ «ቃለአብዬ፣ ይሄ ጨዋታ ነው?» አለችው።

«አይ፣ ሥራ ነው» አላት በትሕትና። «ሌላ ቦታም እንዲህ ነው የሚሠራው።»

እንቆቅልሽም ሞከረች። ልጁ የምታውቀውን ሁሉ መለሰባት፤ በመጨረሻ ከአያቷ የሰማችው አንድ የቀረ ነበር፣ በእሱ ረታችው። እንደ ወጉ «አገር ስጠኝ!» አለችው። ልጁ ግራ ተጋባ። «የማንን አገር?» አለ። የፈለግኸውን፣ ጎንደርን ስጠኝ፣ አለችው። «ጎንደር የእኔ አይደለም። ባለቤቱ ሳይፈርም እንዴት ይሰጣል?» በሕጉ በኩል ልጁ ትክክል ነው። ስንት ጢም ያበቀሉ ሰዎች አገር ሲሰጣጡ ይህቺን ጥያቄ ሳይጠይቋት ቀርተዋል።

ነገሩ የገባት ኩኩሉ ስታጫውታቸው ነው። ኩኩሉን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ አንዱ ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ኩኩሉ!» ይላል፤ የሚደበቁት ገና ከሆኑ «አልነጋም!» ይላሉ፤ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ «ነጋ!» ይሉና ፍለጋ ይጀመራል። ገሊላ ጨፈነች። ሌሎቹ እንደ አይጥ በየስርቻው ገቡ። ቃለአብ ከበሩ ኋላ ቆመ፣ ጫማው ወጥቶ እየታየ። ገሊላ ገና አንድ እርምጃ ሳትሄድ በልማዷ ጮኸች፤ «ቃለአብ!»

«አቤት!» ብሎ ወጣ።

ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ደገሙት። እንደገና ጠራችው፣ እንደገና ወጣ። በሦስተኛው ላይ ማዘንጊያ ሳቋን አቆመች። ልጁ ሲወጣ ፊቱን አየችው፤ ተሸንፎ ወይም ረስቶ አልነበረም። የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ እየነካካ፣ ማን ታመመ የሚል ፊት ይዞ ነበር የሚወጣው። መደበቅ አያውቅም። ስሙ ሲጠራ ሌላ ነገር መሆን እንደሚቻል አያውቅም።

አጠገቧ አስቀምጣ፣ «ሲጠሩህ ባትወጣ ምን ይሆናል?» አለችው።

«ሰው ይሞታል።»

«ማን አለህ?»

«ጋሼ ገብረየስ።»

አቶ ገብረየስ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ በካርቱም ሙቀት የሚለብሱ ብቸኛ ሰው። አንድ ጊዜ ሆዳቸውን ሲታመሙ ቃለአብ ከሐኪሙ አነጋግሯቸው ነበር። በማግሥቱ በማኅበር ላይ ልጁን ትከሻው ላይ መታ መታ እያደረጉ፣ «ይህ ልጅ ባይመጣ ኖሮ ሞቼ ነበር!» አሉ። አጨበጨብን። የያዛቸው ሽንብራ አብዝተው የበሉበት የሆድ ንፋት ነበር፤ ይህንንም የተረጎመው ልጁ ነው። ቢሆንም ትልቅ ሰው ሞቼ ነበር ካለ ሞቶ ነበር። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያንን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የሐጅ ዩሱፍ ሐበሻ ነፍስ በሙሉ በእሱ አቤት ላይ ተንጠለጠለች።

ማዘንጊያ ያን ቀን በጣም ተናደደች። ስትናደድ ሻይ ትቀዳለች፤ ቀዳች፣ ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ብርጭቆውን ሰደበችው። ብርጭቆ መስደቡን ከጀመረች ቆይታለች፤ ደረጃውንም፣ የበሩን መቃንም። ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር፤ ግን ዓይን ከመስደብ ዕቃ መስደብ ይቀላል።

አዋጅ አወጣች። ከዐስር አዛን፣ ከከሰዓት በኋላው የሶላት ጥሪ፣ እስከ መግሪብ አዛን ድረስ ቃለአብን ማንም አይዋሰውም። የታመመ ይታመም፣ የተጣላ ይጣላ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ይጠብቅ።

አገር ተናወጠ። በዚያው ዓርብ ሽማግሌ ተላከባት። ሦስት ሆነው መጡ፣ አቶ ገብረየስ በሙሉ ልብስ፣ አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰብስቤም መጣ፣ ልጁ የእሱ ስለሆነ ተከፍቶ። ልደት የዕረፍት ቀኗ ነበርና ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ማዘንጊያ» ብለው ጀመሩ አቶ ገብረየስ፣ «ይህ ልጅ የአንድ ሰው አይደለም። እግዚአብሔር ለማኅበረሰቡ የሰጠው ብርሃን ነው። ብርሃን ደግሞ በእንቅብ አይከደንም።»

«አልከደንኩትም። ኳስ ምታ ነው ያልኩት።»

«ኳስማ ሁሉም ይመታል!»

«ጋሼ ገብረየስ» አለች ማዘንጊያ፣ «ሰሞኑን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጫማ ሲገዙ አይቼዎታለሁ። ሻጩን በዐረብኛ አስለቅሰውት ነበር። ማን አስተረጎመልዎ?»

«እሱ ንግድ ነው!»

«ታዲያ መክተብስ?»

አቶ ገብረየስ ክራቫታቸውን አላሉ። «መክተብማ… መክተብ መንግሥት ነው» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚህ የበለጠ የጠለቀ ነገር የተባለ አልነበረም።

ሰብስቤ በተራው፣ «እትዬ ማዘንጊያ፣ ልጄን ሰው ሲያከብረው ምን አስከፋሽ? እኔ ረክሻ ነጂ ነኝ። በእሱ ነው ሰው ‹የቃለአብ አባት› ብሎ የሚያቆመኝ» አለ። ይህኛው ከልቡ ነበር።

መልሱ የመጣው ከጥግ፣ ከልደት ነው። «ልጄ በእንቅልፉ ይተረጉማል» አለች። «የሰው ኩላሊት፣ የሰው ኪራይ። መጀመሪያ በዐረብኛ ይለዋል፣ ከዚያ በአማርኛ። እኔ ከሥራ ስገባ የሚያወራኝ ያ ብቻ ነው። ከዐስር እስከ መግሪብ ይጫወት።»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አዩ። አቶ ገብረየስ ከመውጣታቸው በፊት በሩ ላይ ዞረው፣ «እሺ፣ አንቺም አንድ ቀን ሐኪም ያስፈልግሻል፣ ያኔ እናያለን» አሉ። ማዘንጊያ «አሜን» አለቻቸው፣ ለእርግማን የሚመለሰው ቃል ቸግሯት።

ከዚያ ማሠልጠን ተጀመረ። የዓለም እናቶች ልጆቻቸውን አቤት በል እያሉ ሲገርፉ፣ ማዘንጊያ አንዱን ልጅ አቤት አትበል እያለች ትለማመጥ ጀመር። ጋጠወጥነት በዘዴ አስተማረችው። መጀመሪያ በርሜል ውስጥ አስገብታው፣ በሹክሹክታ «ቃለአብ» ትለዋለች። በርሜሉ «አቤት» ይላል። «አሁንም አቤት? ዝም በል እንጂ፣ ባለጌ ሁን!» ቀጥሎ ከፍ አድርጋ። ልጁ አፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑ ዕንባ ሞልቶ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ይቆይና በመጨረሻ ብቅ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ምናልባት አጣዳፊ እንደሆነ ብዬ ነው» ይላል። ገሊላ በበኩሏ አስተማሪ ሆነች። ገሊላን እናቷ ጠርታት መጥታ አታውቅም። «ዝም ትላለህ፣ ትጠራለች፣ ዝም ትላለህ፣ ትጠራለች፣ ከዚያ ትረሳለች» ብላ ምስጢሩን ሰጠችው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ትምህርት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበም ነበርና ቃለአብ ሁለት ጊዜ አስደገማት።

እየቆየ ለአንድ ጥሪ ዝም ማለት ቻለ። ከዚያ ለሁለት። አንድ ቀን የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ ተበጥሶ ቤቱ ገባ፤ ሰብስቤ ተቆጣ፣ ልደት ቁልፉን መልሳ ሳትሰፋው ቀረች። መሳቁን ግን ማንም አልሰማም። ማዘንጊያ ያን እየጠበቀች ነበር። ሳይስቅ የሚደበቅ ልጅ ከከሻ፣ ከፖሊስ አፈሳ፣ የሚሸሽ ሰው ነው እንጂ ተጫዋች አይባልም፤ በየመንገዱ ወረቀት እያሉ ከሚያፍሱት ስንት ጊዜ ስለተደበቀች ልዩነቱን ታውቀዋለች።

የአቶ ገብረየስ «አንድ ቀን» ሳይዘገይ መጣ። ማዘንጊያ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ከተፈች፤ በዚያው ሰሞን በግራ በኩል የመጣ ረክሻ ሊገጫት ነበር፣ ነጂው ራሱ ሰብስቤ። ልደት አልለቅሽም ብላ መሀል ከተማ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ መረመሯት፣ መሣሪያ ላይ አገጯን አስደግፈው አዩዋት፣ ውጤቱን ሐኪሙ ራሱ ይነግርሻል፣ በዚህ ቀን ከዐስር በኋላ ነይ አሏት። ያን ቀን ልደት ፈቃድ አላገኘችም። የሚያስተረጉም ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። ከዐስር በኋላ! ሐጅ ዩሱፍ በሙሉ በደስታ ጣቱን ላሰ።

ማዘንጊያ ፈርታ ነበር። ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ቀኑ ሲደርስ ቃለአብን ጠርታ ልትለምነው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ልጆቹ ኩኩሉ ጀምረው ነበርና እስኪጨርሱ ልጠብቅ አለች። ሰብስቤ ረክሻውን በር ላይ አቁሞ ገባ። አቶ ገብረየስ ከኋላው ገቡ፤ ሊያዝኑላት ነው የመጡት፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው።

«ቃለአብ!» አለ ሰብስቤ።

ዝም።

«ቃለአብ! ና፣ እትዬ ማዘንጊያን ሐኪም ቤት እንውሰድ!»

ዝም። ገሊላ ከዛፉ ሥር ቆማ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ፈላጊዋ እሷ ናት፣ ግራ ገብቷታል። አቶ ገብረየስም ተጣሩ፣ በእድር ስብሰባ ድምፃቸው። ማዘንጊያ በደህነኛው ዓይኗ ወደ በርሜሎቹ አየች። የሁለተኛው ክዳን በትንሹ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከዚያ ሰማችው። ከበርሜሉ ሆድ፣ በእጅ የታፈነ፣ አምልጦ በአፍንጫ የወጣ፣ መቆም ያቃተው ሳቅ። አባቱና የእድሩ ዳኛ እየጠሩት በርሜል ውስጥ እየሳቀባቸው ነው። ቃለአብ!

አንድ ቃል ብትናገር ይወጣል። ሐኪሙ ደግሞ ስለ ዓይኗ ነው የሚናገረው፤ ስለ ቲማቲም አይደለም።

«አላየሁትም» አለች። «ና ሰብስቤ፣ እንሂድ።»

«ያለ አስተርጓሚ?» አሉ አቶ ገብረየስ ደንግጠው።

«ያላ፣ ይመሻል» አለች፣ የበሩን መቃን በግራ ትከሻዋ እየገጨች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሰብስቤ ቀኑን ሙሉ ከካርቱም ሹፌሮች ጋር እናት እየጠራ የሚሰዳደብ ሰውዬ፣ ነጩን ካፖርት ሲያይ በሩ ሥር ዲዳ ሆኖ ቀረ። ማዘንጊያ ብቻዋን ተቀመጠች። የእሷ ዐረብኛ የልጅ ማሳደጊያ ዐረብኛ ነው፤ ብላ፣ ተኛ፣ አታልቅስ፣ አሳየኝ የት ጋ ነው ያመመህ። ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ። ማዘንጊያ እጇን አነሳችና በዚያው በምታውቀው ቋንቋ፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ቀስ በል። አትፍራ። ለሕፃን እንደምትነግር አድርገህ ንገረኝ» አለችው።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ወንበሩን ስቦ ቀረባት። «ሞያ ዘርጋ ነው» አላት። ሞያ ውሃ ነው፣ ታውቀዋለች። ዘርጋ ሰማያዊ ነው፣ ታውቀዋለች። ሰማያዊ ውሃ ዓይኗ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደገባ ግን አላወቀችም። ሐኪሙ በእጁ እያሳየ ነገራት፤ ዓይን ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ይወጣል፤ የአንቺ መውጫው ተደፈነ፤ ውሃው ሞላ፣ ተጫነ። ገባት። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ውሃ የሞላው በርሜል የእሷ ዓይን ብቻ መሆኑን ስትነግረው ሐኪሙ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ቀኙን በጠብታ እንጠብቀዋለን፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።»

«ግራውስ?»

«ግራው ኸላስ» አለ ቀስ ብሎ።

ኸላስን፣ ያንን ‹አለቀ›፣ ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሐበሻ ካርቱም ውስጥ የለም። ማዘንጊያ «ሹክራን፣ ልጄ» ብላ ተነሳች።

ውጭ ሰብስቤ፣ «ምን አለሽ?» አላት። ነገረችው። መድኃኒት ቤት ሲደርሱ ሰብስቤ ቀድሟት ገባ፤ ነጭ ካፖርት ለለበሰችው ሴት፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ጠብታው በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ በዐረብኛ ጠየቀ። መለሰችለት። ሌላም ጠየቀ። አልሞተም።

ሲመለሱ መግሪብ ሊሆን ነበር። ቃለአብ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጧል፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ያለችውን ቁልፍ ሁሉ፣ ጫማውን አድርጎ። አቶ ገብረየስ ለልጁ የት እንደሄደች ነግረውት ነው የወጡት፤ ሊያስተምሩት አስበው።

«ምን አሉ?» አላት።

«ግራ ዓይኔ ጡረታ ወጥቷል አሉ። ቀኙ ጠብታ እየጠጣ ይሠራል።»

«እኔ ስስቅ ነበር» አለ። «አባባ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። በርሜሉ ውስጥ ሆኜ ስስቅ ነበር። መጥቼ ቢሆን…»

«መጥተህ ቢሆን ያው ነው። ግራው ያለቀው ድሮ ነው። አንተ አስተርጓሚ ነህ እንጂ ጻድቅ ነህ? ስማኝ ቃለአብዬ፤ ተጠርተህ አልመጣህም፣ ማንም አልሞተም። እኔም ይኸው።»

ልጁ አለቀሰ። እንደ ትልቅ ሰው ዕንባውን እየጠረገ ሳይሆን እንደ ገሊላ፣ አፉን ከፍቶ፣ አፍንጫውን በንጹሕ ሸሚዙ እጅጌ እያበሰ። ማዘንጊያ ልቧ ተሰበረ፤ ደስም አላት፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ ሳታውቅ እሷም አለቀሰች። ግራ ዓይኗ ለማልቀስ ጡረታ እንዳልወጣ ያን ጊዜ አወቀች።

«በል ተነስ» አለችው በኋላ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ። «ገና አዛን አላለም። አሁን ፈላጊዋ እኔ ነኝ። ማንም ቢጠራህ?»

«አልመጣም።»

«እኔ ብጠራህስ?»

ይሄኛው ለልጁ ከበደው።

«እኔ ብጠራህም» አለችና ወደ ግንቡ ዞረች። ሁለቱንም ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ግራውን መሸፈኑ ትርፍ ሥራ ነበር፤ ጨዋታ ግን ሕግ አለው።

«ኩኩሉ!» አለች።

መልስ የለም። የሕፃን ኮቴ አልተሰማም፣ የበርሜል ክዳን አልተንኳኳም። ጀሪካኑ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ በሐሳቧ ታያት።

«ቃለአብ!» ብላ ጮኸች፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራው አድርጋ።

አቤት የሚል የለም።

ከዚያ ከግቢው ወዲያ ጫፍ፣ ከዛፉ በኩል ይሁን ከጣሪያው በኩል መለየት ካቃታት ቦታ፣ «አልነጋም!» የሚል የልጅ ድምፅ መጣ፣ ሳቅ እያፈነው። ማዘንጊያ እጇን ከዓይኗ ላይ ሳታነሳ ቆማ ጠበቀች።